አባይ በረሃ ከመግባትዎ በፊት፦ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና አድብሉ (የናፍታ ሞተር ጭስ ማጥሪያ ፈሳሽ) መቼ፣ ስንትና እንዴት ይጨመራል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ዩሮ 5 (የጭስ ብክለት ደረጃው) ሞተር ባለው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እጭናለሁ። የአድብሉ ታንከሩ 60 ሊትር ይይዛል። ጎሃ ጽዮን ላይ የአድብሉ መብራት ስለበራ በእጄ የነበረውን 5 ሊትር ጨመርኩ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። አሁን ማርቆስ ቆሜያለሁ፣ አድብሉ ፈልጌ አጣሁ። ጓደኞቼ «የገበሬ ዩሪያ በውሃ በጥብጠህ ጨምር፣ ያው ነው» ይሉኛል። እውነት ያው ነው? ካልሆነስ ስንት ልጨምር? መብራቱስ ለምን አልጠፋም?

ምላሽ፦

ያው አይደለም፤ ዩሪያውን አይበጥብጡ። ምክንያቱ ሰፋ ስለሚል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ማርቆስ ላይ ለቆመው መኪና የሚሆነውን ላስላ።

መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ታንከሩ ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ሲቀር ነው። በ60 ሊትር ታንከር ይህ 6 ሊትር ይሆናል፤ የጨመሩት 5 ሲደመር 11። ከጎሃ ጽዮን ማርቆስ ድረስ ጭነት ይዘው ከሆነ የመጡት 4 ሊትር ያህል ሄዷል። የቀረው 7 ሊትር አካባቢ ነው። ከማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ናፍታ የሚበላ ከሆነ 130 ሊትር ናፍታ፣ ከዚያም 5 በመቶው 6 ሊትር ተኩል አድብሉ ይፈልጋል። ማለትም ሲገቡ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ምናልባትም ከመግባትዎ በፊት። በዚህ ልክ አይነሱ። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የታሸገ 20 ሊትር በአውቶቡስ ያስልኩ፤ እስኪደርስ መኪናው ይቁም። አንድ ቀን መቆም ያናድዳል፤ ቢሆንም ፓምፕና ካታሊስት (ማርሚታ ውስጥ ያለውን ጭስ ማጥሪያ) ከመቀየር ይሻላል።

ስሌቱን ራስዎ እንዲሠሩት አሠራሩን ልንገርዎ። አድብሉ የሚቃጠል ነገር አይደለም። ጭስ ማውጫው ውስጥ ይረጫል፤ በጭሱ ሙቀት ውሃው ይተንና ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው ማርሚታው ውስጥ ባለው ካታሊስት ላይ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ናይትሮጅንና ውሃ ሆነው ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ የሚረጨውን መጠን የሚወስነው ሞተሩ በሚያወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ልክ ነው፤ ያ ደግሞ ሞተሩ በተሸከመው ጫና ይወጣል ይወርዳል። ለዚህ ነው «በሺህ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር» የሚለው የትንሽ መኪና አቆጣጠር ተሳቢ ለሚጎትት የማይሠራው። ተሳቢ የሚጎትት ሰው አድብሉን የሚቆጥረው በናፍታ ነው። ዩሮ 4 ሞተር ከናፍታው ከ3 እስከ 4 በመቶ፣ ዩሮ 5 ከ4 እስከ 6 በመቶ ይወስዳል። ዩሮ 6 እንደ ሞተሩ አሠራር በጣም ይለያያል፤ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ከ2 እስከ 4 በመቶ ይበቃዋል፣ ይህ የሌለው ከዩሮ 5 እኩል ወይም በላይ ይወስዳል።

ለእርስዎ መስመር ይህ ምን ማለት ነው? ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ሲታሰብ 280 ሊትር ናፍታ፣ በ5 በመቶ 14 ሊትር አድብሉ፤ ደርሶ መልስ 28። በ6 በመቶ ከሆነ 34 ሊትር ይጠጋል። 60 ሊትር ታንከር ሞልቶ የወጣ መኪና ደርሶ መልሱን ሳይጨምር ይመለሳል። ሁለተኛውን ጉዞ ግን ሳይሞላ መጀመር የለበትም፤ እርስዎ የወደቁበትም እዚህ ይመስለኛል።

አባይ በረሃን ለብቻው እንየው። አባይ ወንዝ ላይ ካለው ሕዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የከፍታው ልዩነት 1,400 ሜትር አካባቢ ነው። 40 ቶን ክብደት 1,400 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት፣ ሞተሩ ከናፍታው ጉልበት 40 በመቶውን ጎማ ላይ ያደርሳል ብንል እንኳ፣ ከ40 ሊትር ያላነሰ ናፍታ ያስፈልጋል። በ20 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር! ከዚህ ናፍታ ጋር 2 ሊትር አድብሉ ይሄዳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወርዱ ግን በሞተር ፍሬን ስለሚወርዱ ናፍታ አይረጭም፣ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ አድብሉም ይቆማል፤ ሲስተሙ የሚረጨው ጭሱ 200 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ 6 ሊትር ካለ «በረሃውን ይሻገራል» ማለት በወረቀት ላይ ልክ ነው። መንገድ ላይ ግን ፈሳሹ ትንሽ ሲሆን በዳገቱና በጠመዝማዛው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መሳቢያው አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ስህተት ይመዘግባል። ከሩብ በታች ይዘው በረሃው ውስጥ አይግቡ የምለው ለዚህ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ የጨመሩት ልክ ነበር፤ ያነሰው መጠኑ ነው።

ካለቀ ምን ይሆናል? በአውሮፓ ደንብ የተሠራ ከ16 ቶን በላይ የሆነ ዩሮ 5 መኪና አድብሉ ሲያልቅበት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ወደ 60 በመቶ ያወርደዋል። ጉልበቱ የሚቀነሰው እየሄዱ ሳለ አይደለም፤ መኪናው መጀመሪያ ሲቆም ነው። ይህችን ብዙ ሹፌር አያውቃትም። አድብሉ ያለቀበት መኪና ዳገቱን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ሊጨርስ ይችላል፤ መሀል ላይ ከተሽከርካሪ ጀርባ ወይም መንገድ በተናደበት ቦታ ተራ ለመጠበቅ አንዴ ከቆመ ግን ሲነሳ ሌላ መኪና ነው። 40 ቶን በ60 በመቶ ጉልበት ከዳገት ላይ ማስነሳት ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። ዩሮ 6 ደግሞ ይብሳል፦ 10 በመቶ ላይ ያስጠነቅቃል፣ 2 በመቶ ተኩል ላይ ጉልበቱን በሩብ ይቀንሳል፣ ካለቀ በኋላ ሲቆምና እንደገና ሲነሳ ፍጥነቱን 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ያስረዋል። ትንሽ ተሳቢ የሚጎትቱ ፒክአፖች በሌላ መንገድ ይቀጣሉ። ከ2,400 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቀሪውን ርቀት እየቆጠሩ ያስጠነቅቃሉ፤ ዜሮ ሲደርስ አንዴ ያጠፉት ሞተር አይነሳም። ቆጠራው የሚሠራው ባለፈው አነዳድ ስለሆነ፣ ተሳቢው ሲታሰር ያ 2,400 ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል።

የገበሬው ዩሪያ

የባልደረቦችዎ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያና 67.5 በመቶ ውሃ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ በጎጃም በየገበሬው ቤት በ50 ኪሎ ጆንያ አለ። 32 ኪሎ ተኩል ዩሪያ በ67 ሊትር ተኩል ውሃ ሲበጠበጥ 92 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይወጣል። ሲበጠበጥ ዕቃው እጅ ላይ በረዶ እስኪመስል ይቀዘቅዛል፤ መልኩም ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው፣ የዩሪያውን መጠን በሚለካው መነጽር ቢታይም 32.5 ያነባል። ጉዳቱ መጠኑ ላይ አይደለም፣ ንጽሕናው ላይ ነው።

አድብሉ የሚመራበት ደረጃ፣ አይኤስኦ 22241፣ በአንድ ኪሎ ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም ከ0.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ብረትና ፎስፌትም እንዲሁ 0.5 ነው፤ ለመዳብና ለዚንክ 0.2 ብቻ። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ በአንድ ሊትር በአስር ሚሊ ግራሞች የሚቆጠር ካልሲየም መያዙ የተለመደ ነው። ሻይ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያ ነው፤ ያው ቅርፊት በካታሊስቱ ቀዳዳዎች ላይ ሲጋገር ግን በሎሚ አይለቅም። የክረምቱን የዝናብ ውሃ የሚመክርም አለ፤ ውሃው ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዚንክ አጥቦ ነው የሚወርደው።

የማዳበሪያው ዩሪያ ራሱም ንጹሕ አይደለም። እንዳይጋገር ፎርማልዴሃይድ ይጨመርበታል፤ ባይዩሬት የሚባለው ተረፈ ምርት በማዳበሪያ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ሲደርስ በአድብሉ ውስጥ ከ0.3 በመቶ ማለፍ የለበትም። ባይዩሬት በጭሱ ሙቀት አይተንም፤ አድብሉን የሚረጨው ኖዝል ጫፍና ማርሚታው መግቢያ ላይ ደንድኖ ይቀራል። ጆንያው ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ከሚባሉት ማዳበሪያዎች ጋር በአንድ መጋዘን የተቀመጠ ከሆነ ፎስፎረስም ይገባበታል፤ ይህኛው ካታሊስቱን የሚመርዝ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው ዘግይቶ መሆኑ ደግሞ ሰውን ያታልላል። በጥብጦ የጨመረ ሹፌር «ይኸው ሄደ» ይላል፤ ፊልትሮው ቀስ በቀስ ይዘጋል፣ ፓምፑ እየጮኸ ይሠራል፣ ኖዝሉ ይደፈናል፣ ከዚያ የሞተር መብራት ይበራል። ኖዝልና ፊልትሮ ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ። የተመረዘ ካታሊስት ግን አይታጠብም።

የታንከሩን አድብሉ «ለማርዘም» ንጹሕ ውሃ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። 11 ሊትር ላይ 3 ሊትር ውሃ ቢጨምሩ 32.5ቱ ወደ 25 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ የጥራት ሴንሰር ያለው መኪና ወዲያው ያውቀዋል፣ የሌለውም ከካታሊስቱ ኋላ ባለው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ይደርስበታል። የባትሪ ውሃ እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ አንዳንዱ አሲድ ነውና ጭራሽ አይሞከርም።

በጥብጠው ጨምረው የነበረ ከሆነ (ጥያቄዎ ላይ ጨመርኩ ባይሉም የጨመረ ሌላ አንባቢ ሊኖር ይችላል) ቁልፉን አይክፈቱ። ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ መሳብ ይጀምራል። የታንከሩን የታች ቡሎን ፈተው ሁሉንም ያውርዱ፣ በተጣራ ውሃ (ማዕድን በወጣለት) ሁለቴ ያለቅልቁ፣ ሳሙና እንዳይነካው፤ የመሳቢያውን ወንፊት አጽድተው የፓምፑን ፊልትሮ ይቀይሩ። ከዚያ በታሸገ አድብሉ ይሙሉ።

አጨማመሩ

ሜዳ ላይ ያቁሙ። ዳገት ላይ ያለ ታንከር ልኩን አያሳይም፤ ሊሞላ ሳይደርስም በአፉ ይፈሳል። ከበረሃው ዳገት በቀጥታ የመጣ መኪና ከሆነ ሞተሩን ሳያጠፉ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በባዶ ይተዉት፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ያለ ኖዝል በድንገት ሲቆም ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ደርቆ ይደፍነዋል። ካጠፉ በኋላ ደግሞ የባትሪ ማጥፊያውን ወዲያው አይንኩ። ቁልፍ ሲዘጋ ፓምፑ በመስመሩ የቀረውን አድብሉ ወደ ታንከር ይመልሳል፤ ከኋላ የምትሰሙት ጉርምርምታ እሱ ነው። ቢያንስ 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሌሊት ባትሪ እንዳይሰረቅ ወይም እንዳይወርድ ብሎ ማጥፊያውን ቶሎ የሚጫን ረዳት ሳያውቀው ኖዝሉን እየደፈነ ነው።

ክዳኑ ሰማያዊ ነው፤ ከናፍታው ክዳን ጋር ጎን ለጎን ስለሚሆን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይክፈቱ። ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። በጋ ላይ ክዳኑ ዙሪያ የሚቆለለው የመንገድ አቧራ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ታንከሩ ይወድቃል። ታንከሩ ከሞቀ አሞኒያ ታምቆ ሊሆን ስለሚችል ፊትዎን ራቅ አድርገው ቀስ ብለው ይፍቱት።

ጀሪካኑ የፋብሪካ ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን። ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ካለው የመስታወት ማጠቢያ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ ነውና አይጨምሩት። በቀጥታ ከጀሪካኑ በራሱ ቱቦ መጨመር ከሁሉ ይሻላል። ሌላ ዕቃ ከተጠቀሙ ለአድብሉ ብቻ የተለየ ፕላስቲክ ይሁን። ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ቅባቱ አይለቅም፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንኩን ይለቅበታል፤ የነሐስ ቧንቧ ያለው በርሜልም መዳብ ይጨምርበታል። ለናፍታ የዋለ ፈነል ጨርሶ አይነካም። ፋብሪካው የአድብሉን አፍ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ያጠበበው የናፍታ ማደያው አፍንጫ እንዳይገባ ብሎ ነበር፤ ጀሪካንና ፈነል ይህን ጥንቃቄ ያፈርሱታል፣ ስለዚህ ጥንቃቄው የእርስዎ ይሆናል።

እስከ አንገቱ ድረስ አይሙሉ፤ አንገቱ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ይቁም። ታንከሩ መተንፈሻ አለው፤ ከሞላ በላይ ከሆነ በጎርባጣው መንገድ ፈሳሹ ወደ መተንፈሻው ወጥቶ ይደርቃል፣ ነጭ ጨው ሆኖ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ፓምፑ ሲስብ ታንከሩ ይጨማደዳል። 60 የሚለው ታንከር ባዶ ቢሆን 55 ሊትር ያህል መጨመር ይበቃል። ክብደቱንም ያስቡ፤ 20 ሊትር አድብሉ 22 ኪሎ ይጠጋል።

የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት። ከደረቀ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ በቀለም ላይ ጉዳቱ ዘገምተኛ ነው፣ በኤሌክትሪክ መሰኪያ ላይ ግን ፈጣን ነው። አድብሉ በሽቦው ውስጥ ራሱን እየሳበ ረጅም ርቀት ይሄዳል፤ ለተሳቢው መብራት የሚሄደው መሰኪያ ታንከሩ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ተሸፍኖ ይቆይ። ቆዳ ላይ ቢነካ በውሃ መታጠብ ይበቃል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ ይታጠቡ።

መብራቱ ለምን አልጠፋም?

ሦስት ነገር ይፈትሹ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ የበራው የትኛው መብራት እንደሆነ ይለዩ። የመጠን መብራት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። ከሱ ጋር የሞተር መብራትም ካለ ግን ነገሩ የጥራት፣ የግፊት ወይም የኖዝል ነው፤ ያኔ አድብሉ መጨመር አያጠፋውም፣ ኮምፒውተር ታስሮ ኮዱ መነበብ አለበት።

መጠን ብቻ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍተው ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ብዙ መኪና አዲሱን መጠን የሚቀበለው እንዲህ ሲሆን ወይም በሜዳ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። እርስዎ የጨመሩት ወደ በረሃው መግቢያ ላይ ነው፤ ከዚያ ቁልቁለትና ዳገት ብቻ ስለነበር ታንከሩ ዘንበል እንዳለ ነው የቆየው። 5 ሊትርም ለ60 ሊትር ታንከር ትንሽ ነው፤ 18 በመቶ ላይ ካደረሰው በኋላ ዳገቱ ወዲያው ወደ 15 አውርዶታል። ትንንሾቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ከተወሰነ ሊትር በታች የተጨመረውን ጨርሶ የማይቆጥሩ ስላሉ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር መጨመር ይሻላል።

20 ሊትር ጨምረው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልጠፋ፣ መለኪያው በደረቀ ዩሪያ ተይዟል። ፈትቶ 50 ወይም 60 ዲግሪ በሞቀ የተጣራ ውሃ ውስጥ መንከር ያስለቅቀዋል። ኖዝልም የሚጸዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ በመርፌ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተጎረጎረ ኖዝል አረጫጨቱ ይበላሻል፣ ፈሳሹ በአንድ በኩል እየወረደ ማርሚታው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ኖዝሉ ሲመለስ ጋስኬቱ አዲስ ይሁን።

አንድ ቀላል ምርመራ ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ሁለቱንም ታንከር ሞልተው ይነሱ፣ ሲመለሱ ሁለቱንም ሞልተው የገባውን አድብሉ ለገባው ናፍታ ያካፍሉ። ለዩሮ 5 ከ4 እስከ 6 በመቶ ጤናማ ነው። 2 በመቶ ከወጣ ኖዝሉ በልኩ እየረጨ አይደለም፤ መብራት ባይኖርም ቶሎ ይታይ። 9 ወይም 10 ከሆነ መስመሩ ላይ የሚያፈስ ነገር አለ፤ የት እንደሆነ ነጩ ጨው ያሳይዎታል።

አቀማመጥ

ጀሪካኖቹ ላይ ያለው የምርት ቀን ዋጋ ያለው በሙቀቱ ልክ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች 36 ወር፣ እስከ 25 ዲግሪ 18 ወር፣ እስከ 30 ዲግሪ 12 ወር፣ እስከ 35 ዲግሪ 6 ወር ይቆያል። ማርቆስና እንጅባራ ያለ ጥላ ያለው መጋዘን ለአድብሉ የተፈጠረ ቦታ ነው፤ ቅዝቃዜውም አያሰጋም፣ የሚረጋው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ነው፣ ረግቶ ቢቀልጥም አይበላሽም። የሚያበላሸው ጋቢና ውስጥ ከመስታወት ኋላ ፀሐይ እየመታው በረሃውን ደጋግሞ የሚሻገረው ጀሪካን ነው። መጠባበቂያውን ከጋቢና አውጥተው በጥላ በኩል ባለው የዕቃ ሳጥን ያስቀምጡት። የተከፈተ ጀሪካን ትርፉን ይዞ ወራት አይክረም። ጊዜው ያለፈበትን በብዙ ውሃ አቅጥኖ በቆሎ ማሳ ላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ከመኪናው ወደ እርሻው እንጂ ከእርሻው ወደ መኪናው መንገድ የለም።

ከተሳሳተ ታንከር ከገባ

አድብሉ ናፍታ ውስጥ ከገባ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቁልፍ አይከፈት። ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ መሳቢያው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ከዚያ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን ይበላል። ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ነው እንጂ ላዩ ላይ ናፍታ ሞልቶ «ማቅጠን» አይሠራም፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ናፍታ አድብሉ ታንከር ውስጥ ከገባ በተቃራኒው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ታንከሩ ዝቅ ሲል ነው ጉዳቱ የሚመጣው። የፓምፑ ጎማዎች በናፍታ ያብጣሉ። ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ፈሳሹ ላይ ካዩ ታንከሩን ያውርዱ፣ ይለቅልቁ፣ ፊልትሮውን ይቀይሩ።

ጋራዥ ውስጥ «ኢሙሌተር አስገብተን እንገላግልህ» የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም። ዕቃው ኮምፒውተሩን ያታልላል እንጂ ሲስተሙን አይጠግንም። ብዙ ኖዝሎች የሚቀዘቅዙት በውስጣቸው በሚያልፈው አድብሉ ነው፤ ፈሳሹ ተቋርጦ እዚያው ጭሱ ውስጥ የቀረ ኖዝል ከደጀን ዳገት ሁለት ሦስቱን አይችልም። በኋላ ሲስተሙን እመልሳለሁ ቢሉ ፓምፑ ደርቆ፣ መስመሩ በጨው ተደፍኖ ያገኙታል፤ ጭሱ የሚያመጣው ጉዳት ሳይቆጠር።

አሁን የሚያስልኩት 20 ሊትር ሲደርስ የፓምፑ ፊልትሮ አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ አሁን ይቀይሩት። የድሮው ሲወጣ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቢጫ ከሆነ የተለመደ ነው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቅሪት መዳብ የነካው ዕቃ መስመሩ ውስጥ እንዳለ ያሳያል፤ ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ናፍታ ወይም ዘይት ገብቶበታል፣ ታንከሩ ሳይለቀለቅ አዲሱን አይግጠሙት።